ያየሁትና የሚገባው

ባለፈው ወር አንዲት ተማሪ ከአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ እጇን አውጥታ፣ «ሒሳብ ተፈጥሮን እንዲህ አሳምሮ የሚገልጸው ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አዲስ አልሆነብኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠየቀው ኖሬአለሁ፤ መልሱም ተተኩሶ የታጠፈ ሸሚዝ ነው፣ አንስቶ መልበስ ብቻ ነው። ተፈጥሮ ሥርዓት አላት አልኳት። ሒሳብ የሥርዓት ቋንቋ ነው አልኳት። ሰው ወረቀት ላይ ያሰበው ነገር ሜዳ ላይ ወጥቶ እውነት ሆኖ ሲገኝ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ እንደሌለ ጨመርኩና ትንሽ ዝም አልኩ። ያቺን ዝምታ ለምጃታለሁ፤ ከሷ በኋላ ሁልጊዜ ይጨበጨባል። ተጨበጨበ።

ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ራሴን ሰደብኩ። ለዚያች ልጅ የሚገባት መልስ ሌላ ነበር። ያ መልስ ሰባት የተማሪ ደብተር ሞልቶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አጎቴ ቁም ሳጥን ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ነበር።

አጎቴ የወንዝ ለኪ ነው። ነበር ማለት ይገባኛል፣ ግን አፌ እምቢ ይላል። ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ድልድዩ ሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ሴንቲሜትር የተጻፈበት የብረት ምሰሶ ተተክሏል። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ ይወርዳል፣ ውሃው ምሰሶው ላይ የት እንደደረሰ ያያል፣ ቅጽ ላይ ይጽፋል። ይኸው ነው። እሁድ የለም፣ ጉንፋን የለም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት። በሠርጉ ቀን እንኳ ሙሽራዋን መኪና ውስጥ አስቀምጦ፣ አዲሱን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወርዷል። አክስቴ በሕይወት ሳለች ይህን እያወራች ሰውን ታስቅ ነበር፤ የሷ ሳቅ ግን ከአንጀት አልነበረም።

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ልክ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ሁለት ጎረቤት በአጥር ቢጣላ ሜትር ይዞ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ነገር «ጋሼ ልክ ብሏል» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ዓሣ ሻጩ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ትናንት የያዝኩት ይህን ያህላል» እያለ ሁለት እጁን ሲዘረጋ፣ አጎቴ ምንም ሳይናገር የሰውየውን እጆች በሁለት በኩል ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋለታል። ዓሣው ስንዝር እስኪቀረው ድረስ ይገፋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ እሱ ግን ሻዩን ይጠጣል። በስሙ ይኮራ ነበር፤ እንደማይኮራ ያስመስላል እንጂ።

እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው። እናቴ እህቱ ነበረች፤ ስትሞት አምስት ዓመቴ ነበር። ቁጥር የለየሁት ምሰሶው ላይ ነው። ከድልድዩ ላይ እንጨት ይጥልልኛል፣ እኔ ዳር ዳሩን እየቆጠርኩ እሮጣለሁ። እሱ ገና ሳይጥለው «አርባ ሁለት ላይ ትልቁ ድንጋይ ጋ ይደርሳል» ብሏል። አርባ ሁለት ላይ ይደርሳል። አንዳንዴ አርባ ሦስት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጋሼን አሸነፍኩት ብዬ ሰፈሩን በጩኸት አቀልጠዋለሁ።

«ጋሼ፣ ወንዙ ቁጥር ይችላል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወንዙ ምን ቸገረው፣ ሥራው መውረድ ነው። ቆጣሪዎቹ እኛ ነን።»

«ታዲያ እንዴት ከቁጥራችን ጋር እኩል ይደርሳል?»

አገጩን አከከ። እንዲህ ሲያደርግ በእውነት እያሰበ ነው። «ደጋግሜ ስላየሁት ነዋ። አይተሽ ከጻፍሽ ይመጣልሻል። ሳታዪ ከጻፍሽ አይመጣም።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ሲራቀቁ ሰምቻለሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። እሱንም ረሳሁት።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ውሃ ቢሮ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ያው የአጎቴ ወንዝ ሆነ። የተፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ተራራው ላይ በሦስት ቀን የዘነበው ታውቆ፣ ድልድዩ ጋ ውሃው የት እንደሚደርስ አስቀድሞ መናገር። የዝናቡን ልክ ተራራው ላይ ያለው የጤና ጣቢያ ዘበኛ በየጠዋቱ በስልክ ለአጎቴ ይነግረዋል። የውሃውን ከፍታ አጎቴ ራሱ ያያል። ሁለቱን አንድ ቅጽ ላይ ጽፎ ይልክልኛል። እኔ በሁለቱ መካከል ቀመር አገኘሁ። አጭር ነበር፣ አንድ መስመር አይሞላም፣ ደግሞ ቆንጆ ነበር። ቆንጆ ስለሆነ ወደድኩት፣ ስለወደድኩት አመንኩት። ነገሩ በዚህ ቅደም ተከተል መሄዱን ያኔ አላስተዋልኩም።

የመጀመሪያውን ዓመት ንባብ ግራፍ ላይ ስነጥበው ሦስት መቶ ምናምን ነጥብ በቀመሩ መስመር ላይ ተደረደረ። ስምንት ነጥብ ብቻ ከመስመሩ ርቆ ወደ ላይ ወጣ። ስምንቱም የክረምቱ መጨረሻ አካባቢ ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ስምንቱንም ከበብኳቸው፣ ቅጹ ላይ «ስህተት፤ እንደገና ይነበብ» ብዬ ጽፌ መልሼ ላክሁለት። የሄደ ውሃ እንዴት እንደገና ይነበባል? ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። እንዲያውም ዲግሪ አለመኖር ሳያስፈልግ አይቀርም።

በማግስቱ ደወለ።

«ልጄ፣ እነዚያን ቀኖች ያየሁት ያንኑ ነው።»

«ጋሼ፣ ዓይንህን አይደለም የምለው። ሞገድ ሊሆን ይችላል። ምሰሶው ላይ ቅርንጫፍ ተጠግቶ ውሃውን ሽቅብ ገፍቶት ሊሆን ይችላል።»

«ቅርንጫፍ አልነበረም።»

«አንዳንዴ ሳያዩት ያመልጣል።»

 በጣም ቀስ ብሎ፣ «ስንት መሆን ነበረበት?» አለኝ።

ነገርኩት። ስምንቱንም፣ እስከ ሴንቲሜትሩ። ስነግረው ድምፄ ውስጥ የነበረውን ኩራት ዛሬ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል።

ይባስ ብዬ በሚቀጥለው ወር ልረዳው ፈለግሁ። ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ በኮምፒውተር አትሜ፣ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ አስለብጬ ወሰድኩለት። በግራ ዝናቡ፣ በቀኝ ውሃው ሊደርስ የሚገባው ከፍታ። ከታች በእጄ ጽሑፍ «ከዚህ ከአንድ ስንዝር በላይ የራቀ ንባብ ሳይታረም አይላክ» የሚል ጨመርኩበት። ምሰሶው አጠገብ ያለችው የቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአክስቴ ፎቶ ጎን፣ በሚስማር ሰቀለው። ለመጣ ለሄደው ያሳያል። «ወንዙ የሚያደርገውን ልጄ አስቀድማ ጽፋለታለች» ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ዓመት የክብር ዘመኔ ነው። ከመቶ ነጥብ ዘጠና ዘጠኙ መስመሩ ላይ ቁጭ ይላል። ነጥቦቹን ለሰው ሳሳይ ሰው አፉን በእጁ ይይዛል። ኃላፊዬ «ተፈጥሮ እጅ ሰጠችልሽ» አለኝ። ከዚህ አዳራሽ እዚያ አዳራሽ እየተጠራሁ፣ ሒሳብ ተፈጥሮን አሳምሮ ለምን እንደሚገልጽ አስረዳሁ። ያን ያህል ንጹህ ወንዝ በዓለም ላይ እንደሌለ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልጠረጠርኩም። ሰው የሚያሞግሰውን ነገር ምን ብሎ ይጠረጥራል።

ቀመሬ ስድስት ወንዞች ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በኛ ወንዝ ዳር ደግሞ መሬት ሊታደል ነው ተባለና፣ ውሃው በመቶ ዓመት አንዴ የሚደርስበትን ከፍታ አስሉልን አሉን። አራት ሜትር ከስልሳ አልኳቸው። በዚያ ከፍታ ዳር ዳሩን ድንጋዩ ሁሉ በቀይ ቀለም ተሰመረ። ከመስመሩ በታች መሥራት ክልክል ነው፣ ከመስመሩ በላይ ይቻላል።

የአጎቴ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነው። የምረቃ ቀሚሴን የሰፋልኝ እሱ ነው፤ ትከሻው ላይ ጠበብ አድርጎብኝ ሲሰድበኝ የዋለውም እሱ ነው፣ «አንቺ ነሽ ስትማሪ የሰፋሽ» እያለ። አንድ እሁድ አጎቴ በር ላይ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ መጣ።

«እህቴ፣ ቦታ ደርሶኛል። ከመስመርሽ በላይ ሁለት እርምጃ። እናቴንና መኪናዬን ይዤ ልግባ ወይ?» መኪናዬ የሚለው የስፌት መኪናውን ነው።

«መቶ ዓመት ብትኖር እግርህ አይርስም» አልኩት።

አጎቴ ብርጭቆውን እንደያዘ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። አይቼዋለሁ። ሻዩ አቃጥሎት መሰለኝ።

ጎርፉ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዝናቡ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ስብሰባ ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ውሃው በዝቷል።»

«ስንት ነው?»

የውሃው ጩኸት በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ስንት ነው?»

«ሰንጠረዡ ሦስት ከዘጠና ይላል።»

«ሰንጠረዡን አውቀዋለሁ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«እኔ እንኳ… በዝቶ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም ጋሼ። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውልልሃለሁ።»

አልደወልኩም። እሱ ግን በሽማግሌ ጉልበቱ ሽቅብ ወጥቶ ከመስመሩ በላይ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አንኳኳ። «ውጡ» አላቸው። አብዛኛው ወጣ። ልብስ ሰፊው «ጋሼ ልክ፣ ስንት ነው ውሃው?» ብሎ ጠየቀው።  ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው፣ በዓይኑ እያየው፣ ቁጥር ከአፉ አልወጣ አለው። ልብስ ሰፊውም «እህቴ ነግራኛለች፣ እግሬ አይርስም» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ስድስት ሜትር ከሠላሳ ደረሰ። ልብስ ሰፊው፣ እናቱና ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞቱ። ምሰሶው፣ የቆርቆሮዋ ክፍል፣ የአክስቴ ፎቶና ያ ሰንጠረዥ አብረው ሄዱ።

ከቀብሩ በኋላ አጎቴ ቤት ሰነበትኩ። በሰባተኛው ቀን ብርድ ልብስ ላወርድ ቁም ሳጥኑ ላይ ስዳስስ ፌስታሉ እጄ ላይ መጣ። ሰባት ደብተር። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «ያየሁት» ይላል፣ በቀኝ «የሚገባው»። በግራ ያለው በእርሳስ ነው፣ በቀኝ ያለው በእስክሪብቶ። ብዙውን ቀን ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ ናቸው። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ይለያያሉ፣ አንዳንዴ በክንድ ያህል። ቢሮ የተላከው የቀኙ ነው።

ደብተሮቹን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ከበሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በስልክ ነግሮኛል። ቅርንጫፍ አልነበረም ብሎኛል።

«ታዲያ ሁለት አድርገህ መጻፉ ለምን አስፈለገ?»

«ውሃው ያደረገውን ሳልጽፍ ከቀረሁ ቅር ይለኛል። አንቺ ያልሽውን ሳልጽፍ ከቀረሁ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያሳፍሩሻል። የገዛ አጎቷ ነው የሚያበላሽባት ይላሉ።» ትንሽ አሰበና ጨመረበት። «ደግሞ አንቺ ተምረሻል። ወንዙ ሊሳሳት ይችላል ብዬም አሰብኩ።»

በማግስቱ ከጧት ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የግራፍ ወረቀት ዘርግቼ የግራውን ዓምድ ነጠብኩ። አጎቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ያቀብለኛል። እኔ የጠበቅሁት የተዘበራረቀ ነገር ነበር። ነጥቦቹ ግን አልተዘበራረቁም። እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ ቀመሬን ይከተላሉ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ታጥፈው ሽቅብ ይወጣሉ። የተራራው አፈር ውሃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ይይዛል፣ ከጠገበ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ሕፃን ልጅ የሚገባው ነገር። ቀመሬ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፣ አፈሩ ከዚያ በፊት የጠጣውን። ነጥቦቹ በሙሉ አዲሱ መስመር ላይ አረፉ። ከስድስት ዓመት በፊት በቀይ የከበብኳቸው ስምንቱም አረፉ። በመጨረሻ የቅዳሜውን ዝናብ አስገባሁበት፤ ስድስት ሜትር ከሃያ ስምንት አለኝ።

አሁን የምናገረው ነገር የሚያሳፍር ነው፣ ግን ካልተናገርኩት ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ደስ አለኝ። አራት ሰው ከተቀበረ አሥር ቀን አልሞላውም፣ ልብስ ሰፊው የሰፋልኝ ቀሚስ ቤቴ ተሰቅሏል፣ እኔ መስመሩን አይቼ ልቤ በደስታ ዘለለ። ለአፍታ ነው፣ ግን ዘለለ። አጎቴም ፊቴን አይቶ «መጣልሽ?» አለኝ። «መጣልኝ» አልኩትና ማልቀስ ጀመርኩ።

ሒሳብ ተፈጥሮን አሳምሮ የሚገልጽበት አንዱ ምክንያት፣ የማይስማማውን የምንከብበት ቀይ እስክሪብቶ ስላለን ነው። ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይከፋል፤ እውነትም ይገልጻል። ውሃው አልዋሸም፣ ቁጥሩም አልዋሸም። ሁለቱ ቁም ሳጥን ላይ ተስማምተው ተቀምጠው የሚጠይቃቸው ሰው ነው ያጡት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከቢሮው ንባብ ተነስተው ለኪው ቁጥር ሲፈጥር እንደኖረ ደረሱበት፤ እንዲህ የተስተካከለ ወንዝ የለም አሉ። ስድስት ዓመት እኔ ያላሰብኩትን እነሱ ባንድ ሳምንት አሰቡት። ልጠራ በዋዜማው ኃላፊዬ ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

«ሰንጠረዡ ከኛ ወጣ ከተባለ ስድስቱም ወንዝ ላይ ያለው ሥራ ውሃ በላው ማለት ነው። ማን ያምነናል? አዲሱን ቀመር ማን ይቀበልሻል? እሱ ነው እኮ ሰው የሚያድነው። አጎትሽ ሽማግሌ ናቸው፣ ቢበዛ ከሥራ ያርፋሉ።»

ለብዙ ጊዜ፣ ዝም ያልኩት ለአዲሱ ቀመር ስል ነው ብዬ ራሴን ሳሞኝ ነበር። ፈርቼ ነው። ሰው አዳራሽ ሙሉ አጨብጭቦልሽ ሲያበቃ «ይህቺ ናት» ብሎ ሲጠቁምሽ ማየት ያስፈራል።

ኮሚቴው የተሰበሰበበት ክፍል ሦስት ወንበር ከፊት፣ ሁለት ወንበር ከኋላ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ አለው። ደብተሮቹን አላመጣሁም። ለራሴ ያስቀረሁት፣ በላስቲክ የተለበጠው የሰንጠረዡ ቅጂ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳዬም ጭኔ ላይ። ለምን ይዤው እንደሄድኩ አላውቅም። ምናልባት እጄ ከኔ የተሻለ ሰው ይሆናል ብዬ ነው።

ሰብሳቢው ቁጡ ሰው አልነበረም። «አባት፣ ያላዩትን ቁጥር ለምን ጻፉ?» አለው።

አጎቴ ወደኔ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ሰብሳቢው። «ዓይኔ ደክሟል» አለ። «ሥራዬን እንዳልነጠቅ ብዬ ደበቅሁ። በግምት ነበር የምጽፈው።»

«ያ የቀን መቁጠሪያ ዛሬ ስንት ነው ይላል?»

አጎቴ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ እያደረገ ረጅም ጊዜ አየ። «አሥራ ሦስት» አለ።

አሥራ ስምንት ነበር። አጎቴ አሥራ ስምንትነቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስልክ ሳይቀር ካለበት ሆኖ ማንበብ ይችላል። በሕይወቱ ለሰው አንድ ጣት ጨምሮ የማያውቅ ሰው፣ ሦስት ሰዎች ፊት አምስት ቀን ቀነሰ። ለኔ ብሎ ነው።

ሰብሳቢው አንገቱን ነቀነቀና ወደኔ ዞረ። «ከቢሮው በኩል፣ ንባቡ ምን መሆን እንዳለበት ለለኪው የተሰጠ መመሪያ ነበር?»

ቦርሳዬን ያዝኩት። የላስቲኩ ጠርዝ በጨርቁ በኩል ጣቴን ይወጋኛል።

«የማስታውሰው የለም» አልኩ።

አጎቴ በስሙ፣ ሰፈሩ ሁሉ በረሳው ስሙ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በሐሰት ንባብ አራት ሰው ያስገደለ ተባለ። የልብስ ሰፊው ዘመዶች መንገድ ላይ ሲያዩት ማዶ ይሻገራሉ። ሻይ ቤት ውስጥ ዛሬ አንድ ሰው ሲያጋንን «ጋሼ ልክ ሆንክ» ይባላል፣ ዓሣ ሻጩም እጁን የፈለገውን ያህል ይዘረጋል። አጎቴ እዚያ መሄድ አቁሟል። እኔ ደግሞ አዲሱን ቀመር አሳተምኩ። ስለ ሰባቱ ደብተሮች የጻፍኩት አንድ ሐረግ ነው፣ «ከመስክ የተገኘ ተጨማሪ መረጃ»። ቀይ መስመሩ ወደ ላይ ተዛወረ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲከፋ ውሃው ከቀመሬ በሁለት ጣት ብቻ ተለየ፣ አንድም ሰው አልሞተም። አሁን የሚጨበጨብልኝ ለዚህ ነው፣ ጭብጨባውም እውነተኛ ነው፣ እሱ ነው የማያስተኛኝ።

ተማሪዋ የጠየቀችኝ ዕለት ራሴን ስሰድብ አምሽቼ፣ በማግስቱ ጧት ተነስቼ የሆነውን ሁሉ ሁለት ገጽ ላይ ጻፍኩ። ስሜን፣ ቀኑን፣ ሰንጠረዡን፣ ደብተሮቹን፣ «የማስታውሰው የለም» ያልኩትን። ፈረምኩበት። ከሰንጠረዡ ቅጂ ጋር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ለሰብሳቢው ከመስጠቴ በፊት ለአጎቴ ላሳየው ሄድኩ።

ቤት አልነበረም። አሁን ድልድዩ ሥር አዲስ ምሰሶ ተተክሏል፣ ንባቡን የሚልከውም ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። አጎቴ ግን ከልማዱ አልተላቀቀም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይወርዳል። ሱሪውን ጠቅልሎ ዳሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

አጠገቡ ቆሜ ደብዳቤውን አነበብኩለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። 

«ነገ ጧት እሰጣቸዋለሁ ጋሼ። ስምህን እመልሳለሁ። አንተ ያየኸው ሁሉ ልክ ነበር፣ አንድም አልተሳሳትክም። ሁሉም ይወቀው።»

«እንደፈቀድሽ» አለኝ። አልተቆጣም፣ አልተደሰተም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ልጅ ሆኜ ስወድቅ እንደሚያደርገው።

 ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ምሰሶው አዲስ ነው፣ ቁጥሮቹ ከቆምኩበት ለኔም ይታያሉ። ድሮ እንደምናደርገው እናድርግ ብዬ፣ «በል እስቲ፣ ስንት ነው ዛሬ?» አልኩት።

ወደ ምሰሶው ዞረ። ዓይኑ የውሃው ጫፍ ላይ አረፈ፣ ያንን አየሁ፤ ከንፈሩም ቁጥሩን ሊል ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተወውና፣ ፊቴን ከወዲያ ወዲህ እየፈለገ ወደኔ ተመለሰ።

«ስንት ልበል?» አለኝ።